ድንጋይ፣ ማዕድን፣ ከእግራችን ሥር ያለው መሬት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አልጋዬ ሥር አንድ የቢስኩት ካርቶን አለ። ውስጡ ድንጋይ ብቻ ነው። ቤት የመጣ ዘመድ ሁሉ መጀመሪያ ይስቅብኛል፣ ቀጥሎ አንዱን ያነሳና "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" ይላል፣ ከዚያ ቡናው በረካ እስኪደርስ ጥያቄው አያባራም። ትምህርት ቤት እያለን ሦስት ስም ሸምድደን፣ ፈተና ላይ ጽፈን፣ ወዲያው ረሳነው። ግቢው ሙሉ ድንጋይ ነበር፤ አንድም ቀን ግን አንዱን አንስተን አላየንም። ከታች ያሉት ደጋግመው የሚመጡብኝ ጥያቄዎች ናቸው። ቅደም ተከተላቸው እንደመጣልኝ ነው።

አለትና ማዕድን ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ቆሎ አስቡ። ገብስ አለው፣ ሽምብራ አለው፣ ሱፍ አለው፣ እጅ ከተፈታ ለውዝም ይገባበታል። አለት ማለት ቆሎው ነው፤ ማዕድናቱ ደግሞ እህሎቹ። አንድ የግራናይት ቁራጭ ፀሐይ ላይ አዙሩና እዩት፦ ብርጭቆ የሚመስለው ኳርትዝ ነው፣ ነጭ ወይም ሮዝ የሆነው ፌልድስፓር፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በስሱ የሚላጠውና የሚያብለጨልጨው ሚካ። ሽምብራ ብቻ የሆነ ቆሎ እንዳለ ሁሉ ከአንድ ማዕድን ብቻ ማለት ይቻላል የተሠራ አለትም አለ። በሃ ድንጋይ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው፤ ካልሳይት በካልሳይት።

ማዕድን ለመባል ግን መስፈርት አለ። ተፈጥሮ የሠራው መሆን አለበት፣ ጠጣር መሆን አለበት፣ የታወቀ የኬሚካል ቅንብር ያስፈልገዋል፣ አተሞቹም በሥርዓት የተደረደሩ መሆን አለባቸው። በዚህ ሂሳብ ከሰማይ የወረደ በረዶ ማዕድን ነው፤ ፍሪጅ ውስጥ የሠራችሁት ግን አይደለም፤ ሰው ስለሠራው። ሰው ሲስቅ ደስ ስለሚለኝ ይሄንን ሁልጊዜ እናገራለሁ። ወጥ ላይ የምትነሰንሱት ጨውም ማዕድን ነው። ጥቂት ፍሬ ጥቁር ወረቀት ላይ በትኑና በስልካችሁ ካሜራ አቅርባችሁ አንሱት፤ ብዙዎቹ ፍሬዎች አራት ማዕዘን ሳጥን ናቸው። ማንም አልቀረጻቸውም። አተሞቹ የተደረደሩበት መንገድ ነው እስከ ውጭ ድረስ የታየው።

ሦስቱን የአለት ዓይነቶች እንዴት ልያዛቸው?

ቀልጦ የቀዘቀዘ፣ ተጠራቅሞ የጠጠረ፣ ታምቆ የተለወጠ። ይኸው ነው። መጀመሪያው ኢግኒየስ ይባላል፣ ሁለተኛው ሴዲመንታሪ፣ ሦስተኛው ሜታሞርፊክ። ስሙን ብትረሱ ግድ የለም፤ ድንጋዩ ያለፈበትን ከያዛችሁ በቂ ነው።

የቀለጠው ቶሎ ከቀዘቀዘ የማዕድኑ ቅንጣት ለማደግ ጊዜ አያገኝም፤ እንደ ባዛልት ደቃቅና ጥቁር ይሆናል። መሬት ውስጥ ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ ቅንጣቱ ያድጋል፤ ግራናይት የሚባለው ያ ነው። የተጠራቀመው አሸዋ ከሆነ የአሸዋ ድንጋይ፣ የባሕር ዛጎልና የኖራ ዝቃጭ ከሆነ በሃ ድንጋይ። በሃ ድንጋይ ደግሞ መሬት ውስጥ ተቀብሮ በሙቀትና በጫና ሲታመቅ ሳይቀልጥ ይለወጥና እብነ በረድ ይሆናል። ሳይቀልጥ የሚለውን ልብ በሉ፤ ከቀለጠ ተመልሶ የመጀመሪያው ጎራ ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ይሄን ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ማየት ይቻላል?

ሁለቱን በግማሽ ቀን ማየት ትችላላችሁ። ከአዲስ አበባ በጎጃም መንገድ ጎሐ ጽዮንን አልፋችሁ ወደ አባይ በረሃ ውረዱ። ሰው ሁሉ እዚያ መንገድ ላይ ጠመዝማዛውን ይፈራል፣ ዝንጀሮ ያያል፣ ድልድዩን ያደንቃል። እኔ የምላችሁ የግራና የቀኙን ግድግዳ እዩ ነው። ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳላችሁ፣ እያንዳንዱ ኩርባም ወደ ኋላ ዘመን ይወስዳችኋል።

አናቱ ላይ ጥቁር ባዛልት ነው። ዕድሜው ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል፤ የደጋውን ምድር የሸፈነው ያ ትልቅ የቅልጥ ድንጋይ ጎርፍ ያኔ ነው የፈሰሰው። ትንሽ ወረድ ስትሉ ጥቁሩ ያልቅና ነጣ ብሎ ክሬም የመሰለ፣ እንደ መጻሕፍት የተደራረበ በሃ ድንጋይ ይመጣል። ዕድሜው 150 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ነው። ቁራጩን አንሥታችሁ ብታዩት የዛጎል ስባሪ አለው፤ የባሕር እንስሳ ዛጎል፣ ጎጃም ጫፍ ላይ! ባሕሩ አንድ ጊዜ እዚህ ነበር። ከሥሩ ጂፕሰም አለ። ይኸውም ጥልቀት የሌለው የባሕር ውኃ ተኖ ሲያልቅ የተረፈው ነው። እጁ ተሰብሮ ጀሶ የታሰረለት ሰው፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የጻፈ ሁሉ ይሄን ማዕድን ያውቀዋል። ወንዙ አጠገብ ደግሞ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ታገኛላችሁ፤ ባሕሩ ከመምጣቱ በፊት ወንዝ ያመጣው አሸዋ ነው።

ሦስተኛው፣ የተለወጠው፣ እዚያ አይታይም። አባይ ግን ይዞት ይሄዳል፤ ወደ ምዕራብ ወርዶ ቤኒሻንጉል ሲገባ ላይ የነበሩት ድርብርቦች ተሸርሽረው አልቀው ጥንታዊው መሠረት ይወጣል። ሕዳሴ ግድብ የቆመው ይህ አሮጌ አለት ላይ ነው። አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ይባላል፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ ከግንዱ ይልቅ የቆረጠው ገደል ነው የሚገርመው።

ደጀን፣ ሙገርና ደርባ ላይ ሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለውም በሌላ ምክንያት አይደለም። ሲሚንቶ የሚጀምረው ከበሃ ድንጋይ ነው፣ በሃ ድንጋዩም እዚያ አለ።

የአዲስ አበባ ድንጋይ ለምን ጥቁር ሆነ? ቀዳዳውስ?

ባዛልት ብረትና ማግኒዥየም ያዘሉ ጥቋቁር ማዕድናት ይበዙበታል፤ ለዚያ ነው። ቀዳዳው ደግሞ ጋዝ ነው። ለስላሳ መጠጥ ሲከፈት አረፋ እንደሚወጣው፣ ቅልጡ ድንጋይ ወደ ላይ ሲወጣ ጫናው ይቀንስና ውስጡ የነበረው ጋዝ አረፋ ይሆናል። አረፋው ሳይወጣ ድንጋዩ ቀዝቅዞ ከደረቀ ቀዳዳው ይቀራል።

አያቶቻችን ይሄን ቀዳዳ ያለ መጽሐፍ ያውቁት ነበር። የእጅ ወፍጮና መጅ ከምን ድንጋይ እንደሚሠራ አስተውላችሁ ከሆነ፣ ሻካራና ጠንካራ የሆነው፣ ብዙ ጊዜም ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ጥቁር ድንጋይ ነው የሚመረጠው፤ የቀዳዳው ጠርዝ እህሉን ይነክሳል። ሲለሰልስ ይወቀራል። ዛሬ ደግሞ ቀዩን የእሳተ ገሞራ ጠጠርና ቀላሉን ፑሚስ ለብሎኬት እንጠቀምበታለን። ፑሚስ በውስጡ አየር ስለሞላው ውኃ ላይ ይንሳፈፋል። ልጅ ካላችሁ ባልዲ ውስጥ ጣሉለትና ፊቱን እዩ።

ቤቴ የገባው "ማርብል" እውነት ማርብል ነው? እንዴት ልለየው?

ሎሚ። ሻጩ የሚላችሁን ተዉትና ትራፊ ቁራጭ ለምኑት፣ ጥግ ላይ በቢላ ትንሽ ቧጭሩትና ሎሚ ጨምቁበት። እብነ በረድ ከሆነ ካልሳይት ነውና ጆሮ ሲቀርብ ጭስስ የሚል ደቃቅ አረፋ ይወጣል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ግራናይት ከሆነ ዝም። በሃ ድንጋይም እንደ እብነ በረድ አረፋ ያወጣል፤ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው።

ሁለተኛው መለያ ቢላው ራሱ ነው። በ1812 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ፍሪድሪክ ሞስ የተባለ ጀርመናዊ ማዕድናትን በጥንካሬ ከ1 እስከ 10 ደረደራቸው። ሀሳቡ ቀላል ነው፤ ጠንካራው ደካማውን ይጭራል። ታልክ 1 ነው፣ ጂፕሰም 2፣ ካልሳይት 3፣ ኳርትዝ 7፣ አልማዝ 10። የጣታችሁ ጥፍር 2 ተኩል አካባቢ ስለሆነ ጂፕሰምን ይጭረዋል፣ ካልሳይትን አይችለውም። የቢላ ብረት ካልሳይትን ይጭራል፣ ኳርትዝን ግን አይነካውም።

አንድ የማውቀው ቤት ለወጥ ቤታቸው "ግራናይት" ተብሎ በግራናይት ዋጋ ተሸጠላቸው። ገና ሳይመረቅ ሎሚ የተቆረጠበት ቦታ ሁሉ ፈዞ ክብ ክብ ሠራ። ዛሬም አለ። እንግዳ ሲመጣ ሰፌድ ይደረግበታል።

ኦፓል ማዕድን ነው? የኔ ቀለሙ ጠፋ፣ ተበላሸ ማለት ነው?

መጀመሪያ ሁለተኛውን። አሜሪካ ያለች የአክስቴ ልጅ የወሎ ኦፓል ያለበት ቀለበት በስጦታ ሄደላት። አንድ ሌሊት ደወለች፣ ድምፅዋ ተሰብሯል፤ "ሞተብኝ" ትላለች። ምን እንደሞተ ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። ለካ ቀለበቱን ሳታወልቅ ሰሃን ስታጥብ ቆይታ ኖሮ ድንጋዩ እንደ ብርጭቆ ፈዞ፣ ያ አረንጓዴና ቀይ ብልጭታው ጥፍት ብሏል። ጥላ ውስጥ አድርቂው፣ ፀሐይና ማሞቂያ እንዳታስነኪው አልኳት። በአራተኛው ቀን ፎቶ ላከች። ተመልሷል።

የወሎ ኦፓል ብዙው ውኃ ይጠጣል። ውስጡ በዓይን የማይታይ ባዶ ቦታ ስላለው ውኃ ሲገባበት ብርሃን ያሳልፋል፣ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል። ይሄ ለንጹሕ ውኃ ነው። ዘይት፣ ሽቶ፣ ሳሙና፣ ቀለም ያለው ፈሳሽ ከገባበት ግን ላይወጣ ይችላል፤ እና እባካችሁ "እንዲያበራ" ብላችሁ ዘይት አትቀቡት። በጭስ ወይም በቀለም አጥቁረው የሚሸጡትም አለ፤ የሚቻለው ውኃ ስለሚጠጣ ነው።

ቀለሙ የሚመጣው ከቀለም አይደለም። ኦፓል በጣም ጥቃቅን የሲሊካ ኳሶች ናቸው፤ ብርቱካን ሻጭ ፍሬዎቹን ደርድሮ እንደሚከምረው እኩል ሆነው በሥርዓት ሲደረደሩ ብርሃኑን ይበትኑታል፣ ስናዞረውም ቀለሙ ይቀያየራል። ኳሶቹ ከተዘበራረቁ ነጭ ወይም ቡኒ ተራ ድንጋይ ነው የሚሆነው።

ወደ መጀመሪያው ስንመጣ፣ ጠበቅ ካደረግነው ኦፓል ማዕድን አይደለም። አተሞቹ እንደ ጨው በሥርዓት አልተደረደሩም፣ በውስጡም ውኃ አለ። ማዕድን መሰል ይሉታል። ወገልጤና አካባቢ፣ ደላንታ፣ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ሲገኝ ገደሉን ቆፍሮ ያወጣው ወጣት ግን ይሄ ክርክር ምኑም አይደለም። ኦፓሉ ያለው ቁልቁል ገደል ላይ፣ በእሳተ ገሞራ ድርብርቦች መካከል ባለ አንድ ስስ ንብርብር ውስጥ ነው። እሱን ተከትለው በአግድም ይቆፍራሉ፣ ከላይ ያለው ተደርምሶባቸው የሞቱ አሉ። ስትገዙ በርካሽ ለማግኘት ከመከራከራችሁ በፊት ይሄን አስቡት።

ባልጩትስ?

ባልጩት፣ ማለትም ኦብሲዲያን፣ ደግሞ ብርጭቆ ነው፤ ተፈጥሮ የሠራው ብርጭቆ። ሲሊካ የበዛበት ቅልጥ ድንጋይ ከመወፈሩ የተነሣ አተሞቹ ቦታቸውን ሳይይዙ ቀዝቅዞ ይደርቃል። ሲሰበር የዛጎል ቅርጽ እየሠራ ነው፣ ጠርዙም ከምላጭ ይስላል፤ እኔ አውራ ጣቴ ላይ ጠባሳ አለኝ። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ መልካ ቁንጡሬ አለ፤ እዚያ ከ1 ሚሊዮን ዓመት በላይ በፊት የነበሩ ሰዎች በባልጩት መሣሪያ ይሠሩ ነበር። አጠገቡ ያለው መንደር ስሙ ራሱ ባልጭት ነው። ቦታው በ2024 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ደቡብ ውስጥ ቆዳ ፋቂዎች በባልጩት ሲፍቁ እኛ ዘመን ድረስ ደርሷል፤ ይሄን ያህል የቆየ ሙያ ሌላ አላውቅም።

ወርቅ መሰለኝ። ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ፓይራይት የሚባል የብረትና የድኝ ማዕድን አለ፤ ስንቱን አሞኝቷል። የቡና ሲኒ ገልብጡ፤ ታቹ ላይ ያልተወለወለ ሻካራ ክብ አለው። ድንጋዩን እዚያ ላይ ፈግፍጉት። ወርቅ ቢጫ መስመር ይተዋል፣ ፓይራይት ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ጥቁር። ሌላው መዶሻ ነው፤ ወርቅ ይጠፈጠፋል፣ ፓይራይት ይደቃል። ወርቅ ላበደረ ጠጠር የሚባለው እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል።

ታዲያ ወርቅ ለምን ጉጂ፣ ወለጋና ቤኒሻንጉል ይገኛል፣ ሸዋ ደጋ ላይ ግን የለም?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ወርቁ ያለው ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ባስቆጠረው የተለወጠ መሠረት አለት ውስጥ ነው። ትኩስ ውኃ በስንጥቁ እየገባ ኳርትዝና ወርቅ አስቀምጦበታል። ይሄ መሠረት በመላ አገሪቱ ሥር አለ፤ ግን መሐል አገር ላይ የባሕር ዝቃጩም ባዛልቱም ተጭኖታል። ደቡብ ላይ ሻኪሶና አዶላ፣ ምዕራብ ላይ አሶሳ፣ ሰሜን ላይ ትግራይ፣ ሽፋኑ ተሸርሽሮ መሠረቱ ተገልጧል። የሻኪሶ ኤመራልድም ከዚሁ ሠፈር ነው። ሸዋ ሥርም ወርቅ ሊኖር ይችላል፣ ግን ከላዩ ስንት መቶ ሜትር ድንጋይ አለ።

ላሊበላና አክሱም ከአንድ ዓይነት ድንጋይ ናቸው?

አይደሉም። የላሊበላ አለት ቀላ ያለ፣ ቀዳዳ የበዛበት፣ ከባዛልት ቤተሰብ የሆነ የእሳተ ገሞራ አለት ነው። ለመሮ ይመቻል፤ ለዝናብም ይመቻል፣ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ውኃ ይገባዋል፣ ይሰነጠቃል። የአክሱም ሐውልት ደግሞ ብዙ ሰው ግራናይት ይለዋል እንጂ ኔፊሊን ሳይናይት ነው፤ የግራናይት ዘመድ ሆኖ ኳርትዝ የሌለው። የተፈለጠው ከተማዋ አጠገብ ካለው ጎበድራ ካባ ሲሆን የተጀመሩ የፍልጥ ምልክቶች ዛሬም አለቱ ላይ ተደርድረው ይታያሉ። ሮም ደርሶ የመጣው ሐውልት 24 ሜትር ቁመትና 160 ቶን ክብደት አለው። በ1997 ዓ.ም. ለመመለስ ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን መጣ። ያኔ ያለ አውሮፕላንና ያለ ክሬን እንዴት እንደጎተቱት አስቡት እንግዲህ። የትግራይ ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎቹ በአሸዋ ድንጋይ የተፈለፈሉ ናቸው፤ እዚያ አለቱ ራሱ ሌላ ነው።

መሬት ውስጧ ስንት ንብርብር ነው?

በመኪና እንሂድ። ሰኞ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ ተነሥተን ቀጥ ብለን ወደ ታች፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር፣ ሳንቆም። ቅርፊቱ ከ25 ደቂቃ በፊት ያልቃል፤ እዚህ ደጋው ሥር ውፍረቱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የምናውቀው ተራራ፣ ማዕድን፣ ገደል፣ ሁሉም እዚያች 25 ደቂቃ ውስጥ አለቀ። ከዚያ ማንትል ነው፤ ማክሰኞ ረፋድ 5 ሰዓት ድረስ ማንትል ብቻ። 2 ሺህ 900 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ብረትና ኒኬል የሆነው ፈሳሹ ውጫዊ እምብርት ይጀምርና ረቡዕ ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ያበቃል። የቀረው ጠጣሩ እምብርት ነው፤ ማታ 4 ሰዓት ሊሞላ ሲል 6 ሺህ 371 ኪሎ ሜትር ላይ መሐል እንደርሳለን። ሙቀቱ ከ5 ሺህ ዲግሪ በላይ ነው። ግን ጫናው ከባድ ስለሆነ ብረቱ መቅለጥ አልቻለም።

ፈሳሹ እምብርት መዞሩና መንቀሳቀሱ ነው የመሬትን ማግኔት የሚፈጥረው። ኮምፓስ ሰሜንን የሚያሳያችሁ ለዚህ ነው።

ማን ሄዶ አየው?

ማንም። ሰው በቁፋሮ የሄደው ሩቁ ጥልቀት ሩሲያ ውስጥ ኮላ ላይ 12 ሺህ 262 ሜትር ነው፤ በመኪናችን 7 ደቂቃ ተኩል እንኳ አይሞላም። ያቆሙትም ሙቀቱ 180 ዲግሪ ደርሶ መሰርሰሩ ስላልተቻለ ነው።

የምናውቀው በማንኳኳት ነው። እናቴ ገበያ ላይ ምጣድ ስትገዛ አንጠልጥላ በጣቷ ታንኳኳዋለች። ድምፁ ጥርት ካለ ደህና ነው፣ ከታፈነ ስንጥቅ አለው። የምድርን ምጣድ የሚያንኳኳው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። ሞገዱ በመሬት ውስጥ አልፎ ሌላው ዓለም ላይ ሲደርስ መሣሪያ ይመዘግበዋል፤ የት እንደፈጠነ፣ የት እንደታጠፈ፣ የት እንደጠፋ ይሰላል። ግራና ቀኝ እያወዛወዘ የሚሄደው ሞገድ በፈሳሽ ውስጥ ማለፍ አይችልም፤ ውጫዊው እምብርት ጋ ሲደርስ ይቆማል። ፈሳሽ መሆኑ የታወቀው በዚህ ነው። መሐሉ ጠጣር እንደሆነ የደረሰችበት ደግሞ ኢንገ ሌማን የተባለች ዴንማርካዊት ናት፣ በ1936 እ.ኤ.አ.፣ ሊመጣ የማይገባው ደካማ ሞገድ ሲመጣ አይታ።

ከእኛ ሥር የእሳት ባሕር ነው ያለው አይደል?

አይደለም! ይሄ ስህተት መቼ እንደሚለቀን አላውቅም። ማንትል ጠጣር አለት ነው። የጋለ ነው፣ ግን ጠጣር ነው። ሬንጅ አይታችኋል? በመዶሻ ብትመቱት ይሰነጠቃል፣ በርሜሉን አዘንብላችሁ ብትተዉት ግን ቀስ ብሎ ይፈስሳል። ማንትልም በዓመት ጥቂት ሴንቲ ሜትር እየተሳበ ይንቀሳቀሳል። ቅልጥ የሚሆነው እዚህም እዚያም፣ ጥቂት ቦታ ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ወደ ላይ ሲወጣ ጫናው ሲቀንስለት። ኤርታሌ ላይ የምታዩት ከዚያ ነው የመጣው።

እውነት ኢትዮጵያ ለሁለት እየተከፈለች ነው?

አዎ፣ ግን ሻንጣ አትሸክፉ። ዋናው የስምጥ ሸለቋችን በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል። ጥፍራችሁ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይፈጥናል። አፋር ላይ ፈጠን ይላል፣ ቅርፊቱም እዚያ ሳስቷል፤ ደናኪል ሥር 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ደጋው ላይ ካለው ግማሽ እንኳ አይሞላም።

ሁልጊዜ ግን ቀስ ብሎ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. መስከረም ላይ አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ በጥቂት ሳምንታት 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ስንጥቅ ተከፈተ፤ ቅልጥ ድንጋይ ከታች ገብቶ አንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር አራራቀው። የብዙ መቶ ዓመት ዕዳ ባንዴ እንደመክፈል ነው። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ በኩል የነበረው መንቀጥቀጥም የዚሁ ሸለቆ ሥራ ነው፤ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የነበረ ሰው ሌሊት አልጋው ሲወዛወዝ አይረሳውም። እዚያው ዙሪያ የነበሩት ደግሞ ቤታቸውን ጥለው ወጡ።

ባሕር መግባቱ አይቀርም፣ የሚሊዮን ዓመታት ጉዳይ ግን ነው። አንዴም ገብቶ ያውቃል። ደናኪል ጠርዝ ላይ 125 ሺህ ዓመት ገደማ የሆነው የባሕር ኮራል አለ። አሞሌ ጨው ተቆርጦ በግመል የሚጫነው ውኃው ተኖ ካለቀ በኋላ ከተረፈው ነው።

ዕድሜውን እንዴት ታውቃላችሁ? ትገምታላችሁ እንጂ።

ይሄን የሚጠይቀኝ ሁልጊዜ አጎቴ ነው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ሉሲን እንውሰድ። በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ ተገኘች፤ ዕድሜዋም 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው ተባለ። አጥንቱን መዝነው አይደለም። አጥንቷ የነበረበት ንብርብር ከላይና ከታች የእሳተ ገሞራ አመድ አለው። አመዱ ውስጥ ፖታሲየም ያለበት ማዕድን ይገኛል፤ ከፖታሲየሙ ጥቂቱ በራሱ ጊዜ ወደ አርጎን ጋዝ ይቀየራል፣ የዚያ ጥቂቱ ግማሽ ለመቀየር 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። ድንጋዩ ቅልጥ ሳለ ጋዙ ያመልጣል፣ ሲጠጥር ግን ውስጡ ይታሰራል፤ ያኔ ሰዓቱ ከዜሮ ጀመረ ማለት ነው። የታሰረውን ጋዝ ለክቶ ወደ ኋላ ማስላት ነው የቀረው። የታቹ አመድ ይበልጣታል፣ የላዩ ያንሳታል፤ እሷ መሐል ናት። አጎቴ ይሄን ሰምቶ ዝም ይላል፣ በሚቀጥለው በዓል ደግሞ ይጠይቃል።

እኔም ካርቶን ልጀምር ብል ምን ያስፈልገኛል?

መዶሻ፣ የዓይን መከላከያ መነጽር (ባልጩት ስትመቱ ስባሪው ዓይን ይፈልጋል)፣ ግማሽ ሎሚ፣ አሮጌ ሲኒ፣ ማግኔት። ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድ፣ ከቅርስ ቦታና ቅሪተ አካል ካለበት አታንሱ። የመንገድ ቆረጣና ወንዝ ዳር ይበቃችኋል።

ከሁሉ በላይ እስክሪብቶና ፕላስተር። ድንጋዩን ባነሣችሁበት ሰዓት ቦታውን ጽፋችሁ ለጥፉበት፣ "ማታ እጽፈዋለሁ" አትበሉ። እኔ ካርቶን ውስጥ ከሁሉ የሚያምረው አረንጓዴ ነው፣ ነጭ የኳርትዝ ሥር በመሐሉ አቋርጦታል፣ የተለወጠ አለት መሆኑ ያስታውቃል። የት እንዳነሣሁት ግን ጠፍቶኛል። አሶሳ ይሁን ሻኪሶ፣ ወይስ ሰው ሰጥቶኝ ይሁን። አሁን ሳሎን ውስጥ በሩን ነፋስ እንዳይዘጋው ይይዝልኛል።